እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር

የቤተ መንግሥት ሰው ሥዕል ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው በክብር ወንበር ተቀምጦ ተመልካቹን ፊት ለፊት የሚያይ መኰንን ወይም ወይዘሮ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ መሳፍንትና መኳንንት ወይዛዝርቶቻቸውን የሚያሥሉት በአብዛኛው በዚህ አኳኋን ነበር። አገራችንም በዚያው ዘመን የአንዲት ታላቅ እመቤት ሥዕል ትታልናለች፤ አኳኋኑ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

ሥዕሉ የሚገኘው በጣና ሐይቅ፥ በደቅ ደሴት አጠገብ ባለው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። የተሣሉትም ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከላይ ትታያለች፤ እቴጌይቱም ከእግሯ ሥር በምድር ተዘርግተው ይማፀናሉ። ልብሳቸው ግን የንግሥት ልብስ ነው፤ የዘመኑ የጎንደር ሠዓልያን የከበረ ልብስን ጌጥ በጥንቃቄ ማሳየት ይወዱ ነበርና።

እኒህ እመቤት የዐፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። ንጉሡ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበሩ፥ እቴጌይቱ ዘውድ ጭነው፥ ብርሃን ሞገሳ ተብለው መንግሥቱን ከልጃቸው ጋር መሩ። በጎንደር አጠገብ የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩም እርሳቸው ናቸው።

«ትሕትና ከሆነ ስለ ምን ተሣሉ? ስለ ምንስ እንዲህ አጊጠው?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሠሪው መልክ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ መሣል የቆየ ልማድ ነው፤ ሥዕሉም «ያሠራሁት እኔ ነኝ» ማለቱ አይካድም። ነገር ግን በዚያው አፍ «ምሕረት የምለምነውም እኔ ነኝ» ይላል። እቴጌይቱ ክብራቸውን አልደበቁም፤ ከነክብራቸው ወደቁ እንጂ። ለባለጸጋ ከመስጠት ይልቅ ሰጥቶ ዝቅ ማለት ይከብደዋል።

ኋላ መከራው መጣ። ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሞቱ፤ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስም በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። ባላቸውን፥ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን የቀበሩት እቴጌ በ1765 ዓ.ም. በቁስቋም ዐረፉ። የናርጋው ሥዕል የሚያሳየን ግን ኀዘን የጣላቸውን እናት አይደለም፤ ሥልጣን በእጃቸው ሳለ ወደው የሰገዱትን ንግሥት ነው።

እኛም ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ወይም ጃንጥላ ስንሰጥ ስማችን እንዲጻፍ፥ በጉባኤም እንዲነገርልን እንወዳለን። ስም ማስጻፍ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን ስጦታውን ካስረከብን በኋላ ከምእመናኑ ጋር እኩል እንቆማለን ወይስ የፊት ወንበር እንጠብቃለን? እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ይህን አይተው ያድጋሉና በጸሎት ስትቆሙ አስቡት።