አዲሱ ቨርዥን ሲመጣ

የክሪፕቶ ሶፍትዌር «አፕዴት» ባለ ቁጥር ዘሎ መጫንም ሆነ ችላ ብሎ መተው አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 አዲሱ የቢትኮይን 0.8 ቨርዥን የተቀበለውን አንድ ትልቅ ብሎክ አሮጌው 0.7 አልቀበልም በማለቱ የብሎኮቹ ሰንሰለት (ብሎክቼይኑ) ለሰዓታት ለሁለት ተከፈለ፤ እርቅ የወረደው ብሎኮቹን የሚሠሩት ማይነሮች ወደ አሮጌው ሲመለሱ ነው። በሴፕቴምበር 2018 ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ከምንም ሳንቲም ለመፍጠር በር የሚከፍተውን ስህተት የደፈነው አዲሱ የቢትኮይን 0.16.3 ቨርዥን ስለነበር፣ የዘገየው ተጋልጦ ቆየ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደግሞ አጭበርባሪዎች በኤሌክትረም ዋሌት ላይ የሐሰት የአፕዴት መልእክት እያሳዩ ከ200 በላይ ቢትኮይን ዘረፉ። ስለዚህ የዋሌት ባለቤት አስቀድሞ የሚስጥር ቃላቱን ወረቀት ላይ ያስፍር፣ ፋይሉን ከአዘጋጆቹ ድረ ገጽ ብቻ ያውርድ፣ ዲጂታል ፊርማውንም ያመሳክር፤ ኖድ (ብሎኮችን የሚያጣራ ኮምፒውተር) የሚያስኬደው ደግሞ ምን እንደተቀየረ ሳያነብ አይጫን።