ሕንጻና መዝገቡ

በከተሞቻችን አዲስ ሕንጻ ተፈጽሞ በሚመረቅበት ዕለት ሪባን ይቆረጣል፣ ቁልፍ ለባለቤቱ ይሰጣል፣ ተቋራጩና አማካሪው መሐንዲስ ይመሰገናሉ፤ ነገር ግን የመሠረቱን ጥልቀት፣ በየምሰሶው የተቀበረውን ፌሮ ልክና ብዛት፣ የውሃውንና የመብራቱን መስመር መሄጃ፣ በሥራው መካከልም ንድፉ በማን ትእዛዝና ስለ ምን ምክንያት እንደ ተለወጠ የሚገልጸው መዝገብ አብሮ ይሰጠው ዘንድ የሚጠይቅ ባለቤት እጅግ ጥቂት ነው። እኔ ግን መዝገቡ አብሮ ያልተሰጠ ሕንጻ፣ ግድግዳው ቢለሰንና መስተዋቱ ቢያበራም፣ ገና አልተፈጸመም እላለሁ፤ ይህንንም የምለው የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ስለ ሆነ ነው።

በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት በካንሳስ ሲቲ ከተማ የደረሰው ጥፋት ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ሐምሌ 10 ቀን 1973 ዓ.ም. ማታ፣ ከተከፈተ አንድ ዓመት ያህል በሆነው በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ሰፊ አዳራሽ ሕዝብ ለዳንስ ተሰብስቦ ሳለ፣ ከጣሪያው በብረት ዘንጎች ከተንጠለጠሉት የመተላለፊያ ድልድዮች የአራተኛው ፎቅ በሁለተኛው ላይ፣ ሁለቱም በሕዝቡ ላይ ወደቁና 114 ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 በላይ የሚሆኑም ቆሰሉ። በመጀመሪያው ንድፍ እያንዳንዱ ዘንግ ከጣሪያው ተነሥቶ፣ የላይኛውን ድልድይ አልፎ፣ እስከ ታችኛው የሚደርስ አንድ ወጥ ብረት ነበር፤ ብረቱን የሚያዘጋጀው ድርጅት ግን ረጅሙን ዘንግ ጥርስ አውጥቶ ማዘጋጀቱ አስቸጋሪ ሆኖ ስላገኘው፣ ዘንጉ ለሁለት ተከፍሎ የታችኛው ድልድይ በላይኛው ድልድይ ተሸካሚ ላይ እንዲንጠለጠል ሆነ። ለዓይን ቀላል የምትመስለው ይህች ለውጥ፣ የራሱን ድልድይ ብቻ ይሸከም የነበረውን የላይኛውን መጋጠሚያ የሁለቱንም ሸክም አሸከመችው።

ለውጡ የተሣለበት የሥራ ንድፍ የመሐንዲሶቹ ማኅተም ታትሞበት ተመለሰ፤ የመጋጠሚያውን ጥንካሬ ግን ቁጭ ብሎ ያሰላ አልነበረም። በስልክ ፈቃድ ተጠይቋል፣ አልተጠየቀም በሚለውም ነገር ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ቃል ሰጡ። በኋላ የተደረገው የመንግሥት ምርመራ የመጀመሪያው ንድፍ እንኳ የከተማውን የሕንጻ ሕግ እንደማያሟላ ገለጠ፤ ኃላፊ የነበሩት መሐንዲሶችም በዚያ ግዛት የሥራ ፈቃዳቸውን ተቀሙ። ልብ እንበል፤ ስሌቱ ጀማሪ መሐንዲስን እንኳ የሚያስቸግር አልነበረም። የጎደለው፣ ይህን ማን ወሰነ፣ ማንስ መረመረ ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ መዝገብ ነበር፤ እርሱ በመጥፋቱም እያንዳንዱ ሥራውን ሌላው የፈጸመው እየመሰለው አለፈ።

በለንደን ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. የግሬንፌል ሕንጻ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ከሞቱ በኋላ የሕንጻ ደኅንነትን ሥርዓት እንዲመረምሩ የተሾሙት ዳም ጁዲት ሃኪት፣ የአንድ ሕንጻ መረጃ ከንድፉ ጀምሮ በዘመኑ ሁሉ ሳይበጠስ እንዲጠበቅ መከሩ፤ ይህንም የወርቅ ፈትል አሉት። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ ሕግም፣ ቢያንስ 18 ሜትር ቁመት ወይም 7 ደርብ ላላቸው የመኖሪያ ሕንጻዎች ይህን ግዴታ አደረገው።

ይህ አሳብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል እንደምናነበው፣ ንጉሥ ዳዊት ቤተ መቅደሱን ራሱ እንዳይሠራ በተከለከለ ጊዜ፣ የአዳራሾቹንና የጓዳዎቹን ንድፍ፣ የንዋያተ ቅድሳቱንም የወርቅና የብር ሚዛን ሳይቀር ለልጁ ለሰሎሞን አስረክቦታል። አባቶቻችንም የርስትና የጉልት ስጦታን በወንጌሉ ብራና ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ፣ የምስክሮችን ስም ጠቅሰው፣ የሚሽረውን በውግዘት አስረው ይጽፉ ነበር፤ በቃል ያለ እንደሚረሳ፣ በመጽሐፍ ያለ እንደሚወረስ ያውቁ ነበርና።

ዛሬ ግን በብዙ ሳይት የንድፍ ለውጥ የሚተላለፈው በስልክ ወይም በቴሌግራም በተላከ ፎቶግራፍ ነው፤ ፎርማኑ ሥራ በለቀቀ፣ ስልኩም በጠፋ ጊዜ የሕንጻው ትዝታ አብሮ ይሄዳል። በአሮጌው ንድፍ የታሰረ ፌሮ አርማታ ከተሞላበት በኋላ ስሕተቱ ቢታወቅ፣ ማፍረሱ ኪሳራ፣ መተዉ ደግሞ በደል ነው። ባለቤቱ ከዓመታት በኋላ ፎቅ ሊጨምር፣ ወይም ምድር ቤቱን ለሱቅ ሊያሰፋ ግድግዳ ሊያፈርስ ሲነሣ፣ መሠረቱ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚነግረው የለም። አስፋልት የሚቆፍረው ኤክስካቫተርም የውሃውን ቧንቧ የሚያገኘው ከበጠሰው በኋላ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ንድፍ ሳይጸድቅ ግንባታ እንዳይጀመር አዝዟል፤ ጸድቆ የተጀመረው ንድፍና በመጨረሻ የቆመው ሕንጻ ግን ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፤ ነዋሪው የሚያድረውም በቆመው ውስጥ ነው። ስለዚህ በየሥራው ስሙ የታወቀ አንድ መዝገብ ጠባቂ ይሾም፤ እያንዳንዱ ንድፍ ቁጥር፣ ቀንና የለውጥ ተራ ይኑረው፣ የተሻረውም ከሳይት ይሰብሰብ፤ የቃል ትእዛዝ ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጽና። በርክክብም ጊዜ ሕንጻው እንደ ተሠራ የሚያሳየው ንድፍ፣ የአርማታው ምርመራ ውጤትና የመስመሮቹ ካርታ ተሟልተው እስኪቀርቡ ድረስ ከተቋራጩ ክፍያ በመያዣነት ከተቀመጠው ገንዘብ አንዱ ክፍል አይለቀቅ፤ ግልባጩም በከተማው አስተዳደር ቤተ መዛግብት ይቀመጥ።

ይህ ወጪ ያበዛል፣ ሥራም ያዘገያል የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን መዝገብ ለተቋራጩም ጋሻ ነው፤ ፊዲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ውል፣ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ የሚሻ ተቋራጭ ምክንያቱን ካወቀ ወይም ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል፤ ጽሑፍ የናቀ ባለሙያ የላቡን ዋጋ እንኳ ሊያስረዳ አይችልም። መዝገብን በኮምፒዩተር መያዝ ትልቅ ረዳት ቢሆንም፣ ሥርዓት ለሌለው ቤት ሥርዓት አያበጅለትም፤ ሥርዓት ላለው ግን ተራ ደብተር እንኳ ብዙ ያገለግለዋል።

እንግዲህ ገንዘቡን የሚያወጣው ባለቤት፣ መንግሥትም ቢሆን ግለሰብ፣ በሚቀጥለው ውሉ የመዝገቡን ርክክብ ከቁልፉ ርክክብ ጋር በአንድ አንቀጽ ያስፍር፤ መዝገቡ ካልቀረበለትም የመጨረሻውን ርክክብ አይፈርም።