ርዕሰ አንቀጽ፦ የመናኸሪያው ዙሪያ ለማን ይሁን?



በትላልቅ ከተሞች ስለ ቦታ ድልድል አንድ ሐሳብ ከተነሣ ቆይቷል። ይኸውም ከባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው መሬት በሰፊ ግቢና በመጋዘን ከሚያዝ፣ ከሥር ሱቅ ከላይ መኖሪያ ይሠራበት፤ ሰውም ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ጣቢያው ይድረስ የሚል ነው። «ደብረ ኤልያስ ባቡር የላት፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ባቡር የለንም። መናኸሪያ ግን አለን፤ ነገሩ አንድ ነው።

ድሬዳዋን እንይ። ሐዲዱ ተራራው ስለ ከበደው ሐረርን ትቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደረሰ፤ ከተማይቱም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ከጣቢያው አጠገብ መንገዱ ቀጥ ብሎ፣ ዛፍ ተተክሎለት የተሠራ ነው። እግረኛ በጥላ ይሄዳል።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ግን የመጣው ከተማው ከተሠራ በኋላ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለቱ መሥመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነበሩ። ሐዲዱ በመንገዱ መሀል ታጥሮ ስለሚያልፍ፣ ማዶ ለመሻገር ብዙ መዞር የግድ የሆነባቸው ሰፈሮች አሉ። ጣቢያው በዓይን ቅርብ፣ በእግር ሩቅ ሆነ ማለት ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው። በልማት ምክንያት ከመሀል ከተማ የተነሡ ብዙ ሰዎች ጀሞንና የካ አባዶን በመሰሉ የዳር ሰፈሮች ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ቀላል ባቡሩ ደግሞ ከሁለቱም አይደርስም። ቤቱ ጥሩ ነው፣ እሱን አንክድም፤ የታክሲው ሰልፍስ?

ወደ እኛ እንመለስ። በገበያ ቀን እህሉን ተሸክሞ የመጣ ገበሬ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የምትሄድ ነፍሰ ጡር፣ ዝናብ ሲመጣ የት ይጠለላሉ? ለመናኸሪያ የቀረበ መሬት በቆርቆሮ ታጥሮ ዋጋው እስኪወደድ ባዶውን ሲቀመጥ በየወረዳው ከተማ የተለመደ ነው። አጥር እኮ አይሳፈርም! ስለዚህ እዚያ ዙሪያ መጋዘን አይፈቀድ፤ ትንንሽ ቦታ ለብዙ ሰው ይሰጥ፣ ከፊቱ ሱቅ፣ ከኋላው ወይም ከላዩ መኖሪያ ይሁን። የእግር መንገዱም የባጃጅ ማቆሚያ አይሁን። ደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ከሩቅ አገር በእግሩ ሲመጣባት የኖረች ናት፤ እግረኛን ማክበር ለእኛ አዲስ አይደለም።

ሻይና ዳቦ የሚሸጡት እናቶች «ቦታው ተሻሻለ» ተብሎ እንዳይባረሩ ቦታቸው ከወዲሁ በፕላኑ ላይ ይመልከት። ሰፈር ሲያምር ኪራይ ይወደዳል፤ በኪራይ የሚኖረው ጎረቤታችን ነገር ሳይነሣ የሚጸድቅ ፕላን እኛ አንቀበልም።

አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን ፎቅ ሲባል ይከፋቸዋል፤ ጓሮው፣ ጌሾው፣ በጉ የት ሊሆን ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። ከመናኸሪያው ራቅ ያለው ሰፈር እንዳለ ይቆይ፤ ጥግጥግ ብሎ የሚሠራው እዚያው አጠገቡ ሲሆን ነው ጓሮውም ማሳውም የሚተርፈው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ደንግጓል። መዋቅራዊ ፕላን የሚጸናው ደግሞ ለ10 ዓመት ነው። በስብሰባው ቀን ዝም ካልን 10 ዓመት ዝም አልን ማለት ነው። በመሆኑም የከተማችን ፕላን ሲከለስ ስትጠሩ «አበል አለው ወይ?» ሳትሉ ኑ፤ እናቶች በተለይ አትቅሩ፣ መኪና ስትጠብቁ የምትውሉት እናንተ ናችሁ። ሐሳቡን በጽሑፍ የሚሰጥ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያድርስ፤ መጻፍ የማይችል በቃሉ ይንገረን፣ እኛ እንጽፍለታለን።