እስከ በረካ የሚቆይ ፍም

ጅቡቲ ከተማ ለሚኖር የኛ ሰው የጥብስ ቀጠሮ መያዝ ቀላል አይደለም። የዚህ አገር የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው፤ የእኛ ጾም ደግሞ ዓርብ ነው። ለእግር የተመቸው ቀን ለሆድ ሳይመች ይቀራል። እናም ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቃት ወቅት አለች፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለችው፣ ረቡዕና ዓርብ የማይጾምባት ሃምሳ ቀን። ውድድራችንን የምናደርገው በእሷ ውስጥ ነው፤ የሰኔና የሐምሌው ሐሩር ሳይመጣ፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን ይዞ ከተማዋ ላይ ሳይወርድ።

“ውድድር” ስል ዋንጫና ድምፅ ማጉያ አይታያችሁ። ጎረቤታሞች ነን፤ ግማሾቻችን ከኢትዮጵያ የመጣን፣ ግማሾቹ የአገሬው ሰዎች። በሦስት ቡድን ተከፍለን፣ መኪና ተጋርተን ኮር አምባዶ ባሕር ዳር እንወርዳለን። የሚጠበሰው ዓሣ ነው። ሥጋ ቢሆን “ማን ባረከው?” የሚለው ጥያቄ ማዕዱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የዓሣን አራጅ ግን የሚጠይቅ የለም። ሁላችንም ከሁሉም እንቀምሳለን፤ ዳኞቹም እኛው ነን።

ባለፈው ዓመት የኔ ቡድን መጨረሻ ወጣ። ጥፋቱ የዓሣው አልነበረም፤ የቅመሙም አልነበረም። የምድጃው ነበር፤ ምድጃውን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የ200 ሊትር በርሜል ለሁለት አስሰንጥቄ፣ አራት እግር አስበይጄ፣ የብረት ፍርግርግ አስገጥሜበት ነበር። ሲያዩት ግርማ አለው። ዐሥር ዓሣ ባንዴ ይችላል። ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል ገልብጠን ስንለኩሰው፣ ነበልባሉ ሲነሣ ልጆቹ አጨበጨቡ። 9 ሰዓት ግድም ነፋሱ ከባሕሩ ተነሣ። በነፋሱ በኩል ያለው ከሰል ቦግ ብሎ ነደደና አመድ ሆነ፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ገና ጥቁር ነበር። ዓሣው በአንድ ወገን ከሰለ፣ በሌላው አጥንቱ ድረስ ጥሬ ቀረ። የተረፈውን አመዱ ቀመመልን።

ያሸነፉን አንዲት የአገሬው ሴት፣ ጎረቤታችን ናቸው። ይዘው የመጡት ሁለት ትንንሽ፣ ውስጣቸው ሸክላ የሆነ ፈርኔሎ ነበር። ነፋስ በማያገኛቸው በኩል፣ ከድንጋዮቹ ጀርባ አስቀመጧቸው። ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ጠበቁ። ከዚያ ሁለት ሁለት ዓሣ እያገላበጡ፣ ሳይቸኩሉ ጨረሱ።

የባሰው ውርደት ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ቡና ሊፈላ ነው። ጀበናውን ይዘን ወደ በርሜላችን ብንሄድ አመድ ብቻ ጠበቀን። ያን ሁሉ ከሰል በልቶ ለአንዲት ጀበና የሚሆን ፍም አላስቀረም። ቆርቆሮ ይዤ “እሳት ልጭር” ብዬ ወደ ሴትዮዋ የሄድኩት እኔው ነኝ። ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ የድሬዳዋ ሽማግሌ አብረውን ነበሩና ከዳር ሆነው አዩኝ። “ልጄ፣” አሉኝ፣ “አንተ ያሠራኸው በርሜል ነው እንጂ ምድጃ መቼ ሆነ?”

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ አቋም ይዣለሁ። ለደጅ ጥብስ የሚገዛ ምድጃ የሚመዘነው በነበልባሉ ሳይሆን ጥብሱ ካለቀ በኋላ በሚተርፈው ፍም ነው። አቦሉን፣ ቶናውን አልፎ በረካ ላይ ከደረሰ ምድጃ ነው።

ነገሩ የቡና ሱስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፍም የሚያቆየው ምድጃ ዓሣም በወጉ የሚጠብሰው ነው፤ ምሥጢሩ አንድ ስለሆነ። ከሰል የሚነደው በሚያገኘው አየር ልክ ነው። ከላይ ሰፊ አፉን ከፍቶ የተቀመጠ በርሜል አየሩን የሚለካለት ነፋሱ ነው። ከሥር ትንሽ በር ያለው ምድጃ ግን በባለቤቱ እጅ ነው፤ በሩን ሲከፍቱት ይግላል፣ ሲያጠቡት ይረጋል። ሸክላው ደግሞ ሙቀቱ በጎን እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ባዶ ቆርቆሮ የያዘውን ሙቀት ለነፋሱ ያካፍላል፤ ሸክላ ለድስቱ ይመልሳል።

ይህን እኛ ከማንም መማር አልነበረብንም። ምናለሽ ተራ ውስጥ ከአሮጌ ቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ የሚወጣውን የከሰል ምድጃ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ “ላቀች” የተባለው ምድጃ ሲመጣ፣ የቆርቆሮውን ሆድ በሸክላ ለበጠው፤ በዚህም ከሰሉን በሩብ ያህል ቆጠበ። ላቀች የተቀዳው ከኬንያው የሸክላ ጂኮ ነው፤ ጂኮውም ከታይላንድ የባልዲ ምድጃ። ሸክላ ጥብስ ያዘዘ ሰውስ ምን ይቀርብለታል? ፍሙን በሆዱ ይዞ ጠረጴዛ ድረስ የሚመጣ ምድጃ! ተንቀሳቃሽ ምድጃ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ እኔ ግን በርሜል አስበየድኩ።

“ጋዝስ?” ያለኝ ሰው አለ። ለቤት እስማማለሁ። ባሕር ዳር ግን ነፋሱ ነበልባሉን ከምጣዱ ሥር ጠርጎ ይወስደዋል፤ ሲሊንደሩም ለብቻው የአንድ ሰው ሸክም ነው። ውድድርን ሙያ ያደረጉት አሜሪካኖችም አይፈቅዱትም። የካንሳስ ሲቲ ባርቤኪው ማኅበር ደንብ፣ የውድድር ሥጋ በእንጨት፣ በከሰል ወይም በተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ብቻ ይብሰል ይላል፤ ጋዝ እሳት ለማቀጣጠል ካልሆነ ቦታ የለውም። ከአራቱ ዋና ዋና የውድድር ዓይነቶች ሁለቱ የአሳማ ስለሆኑ የእኛ ሰፈር ቡድን እዚያ ቢሄድ ገና ከበሩ ግማሹን ነጥብ ያጣል፤ በእሳቱ ደንብ ግን እንግባባለን።

ከእነሱ የምወስደው ሌላም ነገር አለ፤ ክዳን። እ.ኤ.አ. በ1952 ዌበር ብራዘርስ በተባለ የቺካጎ ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን፣ በነፋስና በአመድ የተማረረ እንደኔ ያለ ጠባሽ ነበር። ፋብሪካው የመርከብ መንገድ የሚያመለክቱ ተንሳፋፊ የብረት ድብልብሎችን ይሠራ ነበርና፣ አንዱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ምድጃ፣ ግማሹን ክዳን አደረገው። ዛሬ በዓለም የታወቀው ክብ የጥብስ ምድጃ የተወለደው እንዲህ ነው። ክዳኑ ነፋሱን ይከላከላል፤ ጥብሱ ሲያልቅ ደግሞ የአየር ቀዳዳዎቹን ከደፈኑ እሳቱ ይታፈንና የተረፈው ከሰል ለሌላ ቀን ይቀመጣል።

ጅቡቲ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከተማዋ በዓመት 200 ሚሊሜትር ዝናብ እንኳ አታገኝም፤ የአገሪቱ የዳይ ደን ጥዶችም እየደረቁ ነው። እዚህ የምናነደው ከሰል ዛፉ ሌላ ቦታ የበቀለ ነው፤ ብዙውም ከድንበሩ ማዶ፣ ከኛው አገር። ግማሽ ማዳበሪያ ለዐሥር ዓሣ ማንደድ ለኔ ነውር ሆኖ የታየኝ ሂሳቡን ሳይሆን ዛፉን ሳስብ ነው።

ሸክላም እንከን አለው። መኪና ሲያንገጫግጨው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በጆንያ ጠቅልሎ እግር ሥር መያዝ ነው። ግሎ ሳለ ውኃ ከነካው አበቃለት፤ ባሕር ዳር እሳት በባሕር ውኃ ማጥፋት የለመዳችሁ ተጠንቀቁ። ፍሙን አሸዋ ውስጥ መቅበርም አይገባም፤ ሥሩ ለረጅም ሰዓት ስለማይበርድ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሕፃን ይረግጠዋል። ያልጠፋ ምድጃ መኪና ውስጥ አስገብቶ መስኮት ዘግቶ መንዳት ደግሞ ሞትን መጋበዝ ነው። የከሰል መርዝ አይሸትም፤ ከሰል አንድዶ ያደረ ቤተሰብ ሳይነቃ የቀረበትን ወሬ ስንቴ ሰምተናል?

ሰው ከበዛስ? አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ትንንሽ ይሻላል፤ አንዱ ሲጠብስ ሌላው ከሰሉን ያዘጋጃል። ጎረቤቴ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ዘንድሮ እኔም ሁለት ባለሸክላ ፈርኔሎ ገዝቻለሁ፤ እያንዳንዱን አንድ እጅ ያነሣዋል። ነፋስ የሚከልል ክዳን ከቆርቆሮ አስቀጥቅጫለሁ። ቤት ሞክሬያቸው ስድስት ዓሣ ጠብሼ፣ በዚያው ፍም በረካ ጠጥቻለሁ። እናሸንፋለን ብዬ አልፎክርም፤ ሴትዮዋ ገና ከኛ ይልቃሉ። እሳት ልጭር ብዬ ግን አልሄድባቸውም።

በርሜሉም ሥራ አልፈታም። እግሮቹን አስቆርጬ ደጅ አስቀምጬዋለሁ፤ የሰፈሩ ፍየሎች ውኃ ይጠጡበታል። ሽማግሌው በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩትና፣ “አሁን ገና ቦታውን አገኘ” አሉኝ።