የቤተሰብ ገጽ፦ ጉዞው በእናት እግር ይለካ



ባለፈው ወር ከጀርመን አገር አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሐፊው ወንድማችን የድሬዳዋ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር እዚያው ይኖራሉ። አባታቸው ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ሲያገለግሉ ኖረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አኼራ ሄደዋል። በሕይወት ሳሉ ለባለቤታቸው "የስዊሶቹ ባቡር ተራራ ይወጣል፤ አላህ ካለ አንድ ቀን አሳይሻለሁ" ይሏቸው ነበር። ሳይሆንላቸው ቀረ። ልጃቸው አሁን የአባታቸውን ቃል ለመፈጸም፣ ሰባ ዓመት የሞላቸውን እናታቸውን አስመጥተው በስዊዘርላንድ የአንድ ሳምንት የባቡር ጉዞ ሊያደርጉላቸው ተነስተዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙት ገንዘብም አለ።

አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሰባት ቀንና አምስት ሆቴል ያለበት ፕሮግራም አቅርቦላቸዋል። መሪ አብሮ ይሄዳል፤ ትኬቱም ምግቡም ተይዟል። ወንድማችን ግን ልባቸው አልረጋም። "ገንዘቡ ያለን ለአንድ ጊዜ ነው። እናቴም ሁለተኛ የምትመጣ አይመስለኝም። ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊትም አለባት። ስንጠይቃት 'እናንተ ካላችሁ እኔ ምን ቸገረኝ' ትለናለች። ከአስጎብኚ ጋር እንሂድ ወይስ ራሳችን እናውጣው?" ብለው ጠይቀውናል።

ጥያቄው የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ስለሆነ በዚህ ወር ገጻችን ልንወያይበት ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የአባትየው ቃል መሠረት የሌለው አይደለም። ለድሬዳዋ ሰው የስዊዘርላንድ ባቡር ሩቅ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። በ1879 ወደ አገራችን የመጣው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ ሆኖ ኖሯል። ከጅቡቲ የሚነሳውን የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድም በ1894 የተሰጠው ለእርሱ ነው። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፤ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917 ነበር። ኢልግ ይህን ሳያይ በ1916 በአገሩ በዙሪክ ከተማ ሞቷል።

ስዊዘርላንድ ስፋቷ ወደ 41,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች ትንሽ አገር ናት። ባቡሯ ግን ከከተማ አልፎ ሸለቆና ተራራ ውስጥ ይገባል። በ1871 በአውሮፓ የመጀመሪያው ባለ ጥርስ ሐዲድ የተራራ ባቡር የተሠራው እዚያ፣ በሪጊ ተራራ ላይ ነው። በ2016 የተከፈተው የጎታርድ ዋሻ ደግሞ 57 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከ1982 ጀምሮ በአገሩ ሁሉ ባቡሮች በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ እንዲነሱ ተደርጓል፤ ዛሬ በብዙ መስመር በየግማሽ ሰዓቱ ባቡር አለ። ይህ ለጉዞ አሳቢ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይከተላልና።

እንግዲህ አስጎብኚ ምን ይጠቅማል? ቋንቋ ይፈታል፤ በአገሩ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛና ሮማንሽ የሚባሉ አራት ቋንቋዎች አሉ። ትኬት ይይዛል፣ ሻንጣ ያስጭናል፣ ባቡር ቢዘገይ መላ ይፈልጋል። ብቻውን ለሚጓዝ ወይም ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ይህ ገንዘብ የሚያወጣ ነገር ነው። ነገር ግን ከአስጎብኚ የምንገዛው አገልግሎቱን ብቻ አይደለም፤ አካሄዱንም አብረን እንገዛለን። ሠላሳ ሰው በአንድ ሰዓት ተነስቶ፣ በአንድ ሰዓት በልቶ፣ በአንድ ሰዓት ይሳፈራል። የደከመ ሰው "ዛሬ ልረፍ" ቢል ቡድኑ አይጠብቀውም። እናት ደግሞ ደከመኝ አይሉም። ልጆቼ ደስታቸው እንዳይጎድል ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ይራመዳሉ። ስለዚህ እርሳቸው የማይናገሩትን ፕሮግራሙ አስቀድሞ ሊናገርላቸው ይገባል።

የቀረበውን ፕሮግራም በዚህ ዓይን እንየው።

በሰባት ቀን አምስት ሆቴል ማለት በየማለዳው ማለት ይቻላል ልብስ ማጠፍ፣ ሻንጣ መጎተት፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ ማለት ነው። ለወጣት ጨዋታ ነው፤ ጉልበት ለሚያመው ግን ተራራውን ከማየቱ በፊት የሚያደክም ሥራ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዩንግፍራውዮኅ ተይዟል። ይህ በ1912 የተከፈተ ጣቢያ 3,454 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከድሬዳዋ ከፍታ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ሰው ከሸለቆው ተነስቶ በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ እዚያ ይደርሳል፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ሊመጣ ይችላል። የደም ግፊት ያለባቸው እናት ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እዚያ ባይወጡ ይመረጣል። ትኬቱም ውድ ነው።

በአምስተኛው ቀን ደግሞ ግላሲየር ኤክስፕረስ አለ። ከ1930 ጀምሮ የሚሠራው ይህ ባቡር ከጸርማት እስከ ሳንክት ሞሪትስ 291 ድልድዮችንና 91 ዋሻዎችን ያልፋል። የሚያምር ጉዞ ለመሆኑ ጥርጥር የለንም፤ ግን ስምንት ሰዓት ያህል መቀመጥን ይጠይቃል። ለሚያብጥ እግርና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ስምንት ሰዓት ረጅም ነው።

እኛ ብንሆን ጉዞውን በሁለት ማረፊያ ብቻ እንከፍለው ነበር። ሦስት ሌሊት በሉሰርን ከተማ፣ ሦስት ሌሊት ደግሞ በኩር ከተማ። በመካከላቸው ባቡር የሚቀየረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከሉሰርን በጀልባ ሐይቁን ተሻግሮ ፊትስናው የምትባል መንደር ይደረሳል፤ ከዚያ ያ የ1871ዱ ባለ ጥርስ ባቡር ወደ ሪጊ ያወጣል። የሪጊ ጫፍ 1,798 ሜትር ነው። "ባቡር ተራራ ይወጣል" የተባለው ቃል እዚያ ያለ ጉዳት ይፈጸማል።

ከኩር ደግሞ የበርኒና መስመር ይነሳል። በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ መስመር 65 ሜትር ከፍታ ባለው የላንድቫሰር ድልድይ አልፎ እስከ 2,253 ሜትር ይወጣል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ከፍታ የሚያንስ ነው። ከዚያም በብሩሲዮ በድልድይ ላይ ክብ እየሠራ ወርዶ ጣሊያን ውስጥ ባለችው በቲራኖ ይቆማል። አንድ መንገዱ ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ መመለሱ በዚያው ቀን ከከበደ ሳንክት ሞሪትስ ላይ መመለስ ይቻላል። የግላሲየር ኤክስፕረስንም ውበት መቅመስ ለሚፈልግ፣ ከኩር እስከ ዲሰንቲስ ያለው የራይን ሸለቆ ክፍል በተራ ባቡር ከአንድ ሰዓት በጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ብቻ ይፈጃል።

አንድ ምስጢር እንጨምር። በዚያው ሐዲድ ላይ ከቱሪስቶቹ ባለ ሰፊ መስኮት ባቡር ሌላ ተራ የክልል ባቡሮች ይሄዳሉ። ቦታ ማስያዣ አይጠየቅባቸውም፣ ተራራው ግን ያው ተራራ ነው። እናት ቢደክማቸው ወርደው ሻይ ጠጥተው በሚቀጥለው መሳፈር ይችላሉ።

ትኬቱን በተመለከተ፣ ነዋሪነታቸው ከአገሩ ውጭ ለሆኑ እንግዶች ስዊስ ትራቭል ፓስ የሚባል አለ። ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 ወይም ለ15 ቀን ይገዛል፤ ባቡርን፣ አውቶቡስንና የሐይቅ ጀልባን ያጠቃልላል። ሪጊም በውስጡ ነው። ወደ ዩንግፍራውዮኅ ግን ቅናሽ ብቻ ነው የሚሰጠው። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከወላጅ ጋር ከሆኑ የቤተሰብ ካርድ ተጠይቆ በነጻ ይሄዳሉ። ወንድማችን የዘጠኝና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች አሏቸውና የአስጎብኚውን ዋጋ ከዚህ ጋር አስተያይተው ይመልከቱት። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ደግሞ አስቀድሞ ከተነገረ በብዙ ጣቢያዎች የመሳፈሪያ እርዳታ በነጻ ይገኛል።

ከአስጎብኚ ጋር መሄድን ለሚመርጡ ከመክፈላቸው በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ መሪው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን አብሮ ይጓዛል ወይስ ጣቢያ ላይ ብቻ ይቀበላል? ቡድኑ ስንት ሰው ነው? ሻንጣ ማን ይሸከማል? ባቡር ለመቀየር ስንት ደቂቃ ተሰጥቷል? በአገሩ አምስት ወይም ስምንት ደቂቃ የተለመደ ነው፤ ለእናት ግን አይበቃም። አንድ ቀን ሆቴል መቅረት ቢፈለግ ምን ይሆናል? መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። በጀርመን የጥቅል ጉዞ የሚሸጥ ድርጅት ከጉዞው በፊት ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ፣ ቢከስር ገንዘቡ የሚመለስበትን ዋስትና የሚያሳይ ሲሸሩንግስሻይን የተባለ ወረቀት መስጠት አለበት። ወረቀቱ ሳይሰጥ ገንዘብ አይሰጥ።

ቪዛን በተመለከተ፣ ስዊዘርላንድ ከ2008 ጀምሮ በሸንገን ውስጥ ናት። እናት ብዙውን ጊዜ የሚቆዩት በጀርመን ከሆነ ማመልከቻው ለጀርመን ኤምባሲ ይቀርባል፤ ቪዛው ለስዊዘርላንድም ለቲራኖም ያገለግላል። ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ ከ15 ቀን ያነሰ ሲቀረው ግን ጊዜው አልፏል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ቪዛው ሳይገኝ የማይመለስ ክፍያ አለመፈጸም ብልህነት ነው።

ለእኛ ቤተሰቦች ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ስዊዘርላንድ ከ1893 የሕዝብ ድምፅ ጀምሮ ከብት ሳይደነዝዝ እንዳይታረድ ከልክላለች፤ እንዲህ የታረደ ሥጋ ከውጭ ይገባል። ስለዚህ የሆቴሉ ራት ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ዓሣና አትክልት በጽሑፍ ይታዘዝ። ፎንዱ የሚባለው የታወቀው የቀለጠ አይብ ነጭ ወይን ጠጅ የሚጨመርበት መሆኑን፣ ሮሽቲ የሚባለው የድንች ጥብስም አንዳንድ ጊዜ በአሳማ ሥጋ እንደሚሠራ ልብ ይሏል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በአደባባይ ፊትን መሸፈን የተከለከለ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 1,000 ፍራንክ ይደርሳል። ሒጃብን አይመለከትም፤ ኒቃብ የምትለብስ እህት ግን ይህን አውቃ ትወስን።

በጁን ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ የዒሻእ ወቅት ወደ እኩለ ሌሊት ይጠጋል፤ በማግሥቱ ማለዳ መነሳት ያለበት ቡድን ውስጥ እንቅልፍ የት ይገኛል? በሴፕቴምበር አጋማሽ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። የልጆቹ ትምህርት ከፈቀደ ያን ጊዜ እንመርጣለን። የመንገደኛን ሶላት ብይን ከሚያምኗቸው ዑለማ አስቀድመው ይጠይቁ።

ወንድማችን ሆይ! እርስዎ ጀርመንኛ ያውቃሉ፤ በኩርም በሉሰርንም መግባቢያው እርሱ ነው። ስለዚህ የዚህ ጉዞ መሪ እርስዎ ቢሆኑ ይበጃል ባዮች ነን። ኢማም ከኋላው አረጋዊና ደካማ እንዳለ አስቦ ሶላቱን እንደሚያቀል ሁሉ፣ የቤተሰብ መሪም በሰልፉ መጨረሻ ያለውን እግር እያየ ይጓዝ። ልጆቹ ብዙ ተራራ ሳያዩ ቢመለሱ ነገ የራሳቸው ቀን አላቸው። እናት ግን አንዱን ተራራ በእርጋታ፣ ትንፋሻቸው ሳይቆራረጥ፣ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ቢያዩ የአባትዎ ቃል ተፈጸመ ማለት ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ያለ ምንም ፕሮግራም ይተዉ። ያ ቀን የእርሳቸው ነው፤ ምን ማድረግ እንደሚሹ ያን ዕለት ጠዋት ይጠይቋቸው። መልሱን ጽፈው ቢልኩልን ደስ ይለናል።

አላህ ጉዞውን የሰላም ያድርግላችሁ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።