አውቶቡስም የልደት ሰርተፊኬት ይጠየቃል

ደውላችሁ ማደሪያ ቦታ ትጠይቃላችሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምጿ ማር ነው። ስንት ሌሊት? ስንት ሰው? ውሻ አለ? መብራቱ ባለ 30 አምፒር ይሁን ባለ 50? ርዝመቱስ ስንት ጫማ ነው? ሁሉንም ትመልሳላችሁ። ካርዳችሁን አውጥታችሁ ቁጥሩን ልታነቡላት ስትሉ የመጨረሻዋ ጥያቄ ትመጣለች፤ «ሞዴሉ የስንት ነው?» 1996 ትላላችሁ። ዝም። «ምን ዓይነት ሞተርሆም ነበር ያላችሁኝ?» አውቶቡስ ነው፣ ወደ ቤት የተቀየረ። ማሩ እዚህ ላይ ያልቃል። «ይቅርታ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው አናስገባም።»

እዚህ አሜሪካ ይህ ነገር «የአሥር ዓመት ሕግ» ይባላል። ሕግ ሲባል የምክር ቤት አዋጅ እንዳይመስላችሁ፤ ማንም አላወጀውም። አርቪ ፓርክ የሚባሉት የግል የካምፕ ግቢዎች ለራሳቸው ያወጡት ልማድ ነው። ሁሉም ግቢ ይከተለዋል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ቁልጭ አድርጎ ጽፎ ይለጥፈዋል። አንዳንዱ «ፎቶ ላኩልንና እናያለን» ይላል (እንደ ትዳር ፈላጊ ማስታወቂያ!)። አንዳንዱ ደግሞ ዓመቱንም ሳይጠይቅ «የተቀየረ አውቶቡስ አንቀበልም» ብሎ ይገላገላል። መብታቸው ነው ወይ? አዎ፣ ነው። የአሜሪካ ሕግ ሰውን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ከበር መመለስን ይከለክላል እንጂ ለተሽከርካሪ ዕድሜ ጥብቅና የሚቆም አንቀጽ የለውም። እኔም ሁለቱን ላመሳስል አልዳዳም። ግን መብት የሆነ ሁሉ ልክ ነው ያለን ማነው?

እስቲ አንድ ቢጫ የተማሪዎች አውቶቡስ ውሰዱ። አሜሪካ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ያህል አሉ። አንዱ አውቶቡስ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት ልጆች ያመላልስና ጡረታ ይወጣል። ከዚያ ጨረታ ላይ ይቀርባል፣ በጥቂት ሺህ ዶላር ይሸጣል፣ የገዛው ሰው ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋና ምድጃ ያስገባበታል። እንግዲህ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ይህ አውቶቡስ ከጨረታው ግቢ በወጣባት ደቂቃ የአሥር ዓመቱን ሕግ ጥሷል። ቤት የመሆን ዕድል ሳያገኝ አርጅቷል ተብሏል። ትናንት ግን 70 ልጆች አሳፍሮ በጠዋት ጭጋግ ሲሄድ ነበር፤ የትኛውም ወላጅ መንገድ ዳር ቆሞ «ሞዴሉ የስንት ነው?» አላለም። ልጁን በ60 ማይል ፍጥነት አምኖ የሰጠው ሰው፣ ያው አውቶቡስ ሞተሩን አጥፍቶ ዛፍ ሥር ሲያድር ያስፈራዋል!

ፍርሃቱ ስለ ደኅንነት ቢሆን ኖሮ እንነጋገር ነበር። ከ1977 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) በፌዴራሉ ደረጃ መሠረት የተማሪ አውቶቡስ ጣሪያ የባዶ አውቶቡሱን ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ መሸከም አለበት። ቢገለበጥ ልጆቹ እንዳይጨፈለቁ ነው። የብረት ገጾቹ የሚጋጠሙበት መስመር እንኳ የጥንካሬ መለኪያ አለው። አሁን ደግሞ ከፋብሪካ የሚወጡትን ብዙዎቹን ሞተርሆሞች ግድግዳ አንኳኩ፤ ስስ ፋይበር ግላስ፣ ከሥሩ ፎም፣ ከፎሙ ሥር ስስ ጣውላ። ውሃ በጣሪያው ስፌት ከገባበት በጥቂት ዓመት ውስጥ ያብጣል፣ ይበሰብሳል። የአሥር ዓመቱ ሕግ ከየት እንደመጣ አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም። ፋብሪካ ሠራሹ ብዙ ጊዜ በአሥር ዓመቱ እንደሚያረጅ ያዩ ሰዎች፣ ብረቱንም በዚያው ሜትር ለኩት። ትራክ የሚነዱ ወንድሞቻችንን ጠይቁ፤ የድሮ ናፍጣ ሞተር በልደቱ ሳይሆን በተሠራለት ሰርቪስ እንደሚመዘን በደንብ ያስረዷችኋል።

የሚያስቀው ነገር፣ ሞተርሆም የሚባለው ነገር ራሱ የአውቶቡስ ልጅ መሆኑ ነው። በጁላይ 20 ቀን 1963 ሜይን ግዛት ሂንክሊ በምትባል ቦታ የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት 26 ቤተሰቦች ቤት ባደረጓቸው መኪኖቻቸው ተሰበሰቡ። ከዚያ ስብሰባ ነው ፋሚሊ ሞተር ኮች አሶሲየሽን የተባለው የባለ ሞተርሆሞች ማኅበር የተወለደው። በዚያ ዘመን ከፋብሪካ ተሠርቶ የሚሸጥ ሞተርሆም ብርቅ ነበር፤ የዊኔቤጎ ኩባንያ እንኳ ሞተርሆም ማምረት የጀመረው በ1966 ነው። ሰው አሮጌ አውቶቡስ ይገዛል፣ በእጁ ይቀይራል፣ ልጆቹን ይጭናል፣ ይሄዳል። ግሬይሃውንድ የተባለው የአገር አቋራጭ ኩባንያ ከ1954 እስከ 1956 ያሠራቸው ባለ አንድ ተኩል ፎቅ ሲኒክሩዘሮችም ከመንገድ ከወጡ በኋላ ብዙዎቹ የሰው ቤት ሆነዋል። ጆርጂያ ውስጥ ያለው ብሉ በርድ፣ ያው የቢጫው አውቶቡስ አምራች፣ በ1960ዎቹ «ዋንደርሎጅ» ብሎ ሸጦ የከበረበት ቅንጡ ሞተርሆም በተማሪ አውቶቡስ ብረት ላይ የተሠራ ነው። ዛሬ በር የሚዘጋው ግቢ የቆመው እነዚህ ሰዎች በጀመሩት ባህል ላይ ነው።

ይኸው አውቶቡስ ግን ሀብታም ሲይዘው ስሙ ይለወጣል። ካናዳ ኩቤክ የሚሠራ ፕሬቮ የሚባል አለ። ቀፎው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ቀፎ ነው፤ ውስጡን እብነ በረድ የሚያነጥፉ ድርጅቶች ቀይረው ከሚሊዮን ዶላር በላይ ይሸጡታል። አውቶቡስ ነው ወይ? ነው። የተቀየረ ነው ወይ? ነው። የ15 ዓመት ፕሬቮ ሲመጣ ግን ስንቱ በር ጠባቂ ነው ሞዴሉን የሚቆጥረው? ያ የሚያብረቀርቀው የኤርስትሪም ተጎታችም እንዲሁ ነው፤ የ1960ዎቹ ሲሆን «ክላሲክ» ተብሎ ሕጉ የሚታጠፍለት ብዙ ነው። ስለዚህ ሕጉ ዕድሜ አይደለም የሚቆጥረው። ዕድሜን ሰበብ አድርጎ የባለቤቱን ኪስ ነው የሚዳብሰው። «ፎቶ ላኩ» የሚለው ነገር እንዲያውም ሐቀኛው ነው፤ ቢያንስ መልክ እያየን ነው ብሎ አምኗል።

የግቢ ባለቤቶች ስጋት ግን ባዶ ነው ብዬ አላላግጥም። ከሁሉም የሚከብደኝ አንዱ ነው፤ አሮጌ አውቶቡስ ይመጣል፣ ሦስት ሌሊት ይከፍላል፣ አራተኛው ቀን ላይ ሞተሩ እምቢ ይላል። ባለቤቱ ገንዘብ የለውም። 12 ቶን ብረት የሚጎትት መኪና መጥራት ደግሞ እንደ ታክሲ አይደለም። ሳምንቱ ወር ይሆናል፣ በብዙ ግዛቶች እንግዳው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንደ ተከራይ ስለሚቆጠር ለማስወጣት ፍርድ ቤት መሄድ ይመጣል። ይህ የደረሰበት ባለ ግቢ ሁለተኛ አውቶቡስ ማየት ባይፈልግ አልፈርድበትም። ግን መድኃኒቱ ዓመት መቁጠር ነው? የሦስት ዓመቱም ሞተርሆም ጊርቦክሱ ይፈነዳል፤ እንዲያውም ባለቤቱ የባንክ ዕዳ ካለበት ጥሎት ሊሄድ ይችላል። የኢንሹራንስ ወረቀትና የመጎተቻ ዋስትና ጠይቁ። መያዣ ገንዘብ አስይዙ። የቆይታ ገደብ አስፈርሙ። እነዚህ ሁሉ በትክክል የሚፈሩትን ነገር ይይዛሉ። የልደት ዓመት ግን የማንንም አውቶቡስ አይጎትትም።

እኛም ወገን ብንሆን (አውቶቡስ የለኝም፣ ግን ወገኔን መርጫለሁ) ዝም የማይባልባቸው ጉዶች አሉብን። የእቃ ማጠቢያውን ውሃ ሣር ላይ የሚለቅ አለ። ከኢንተርኔት ቪዲዮ አይቶ ኤሌክትሪክ የዘረጋ አለ፤ መሰኪያውን ስታዩት ጸሎት ያሰኛችኋል። ጣሪያው ላይ ሰገነት ሠርቶ የጎረቤቱን ቁርስ ቁልቁል የሚያይ አለ። የድሮው ዲትሮይት ሞተር ያለውማ በማለዳ ሲነሳ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፤ የአየር ፍሬኑ ግፊት እስኪሞላ ደግሞ ቆሞ መጮህ አለበት፤ አለበለዚያ ፍሬኑ አይለቅም። እነዚህ ሰዎች ከግቢ ቢባረሩ ጠበቃ አልሆንላቸውም። ነገር ግን የሚባረሩት ስላጠፉት ጥፋት ይሁን። የጸጥታ ሰዓት የሚባል ደንብ በየግቢው አለ፣ የፍሳሽ ደንብም አለ። ደንቡን የጣሰ ይውጣ፣ የአዲሱም ሞተርሆም ባለቤት ጭምር፤ ሌሊቱን ሙሉ ጄኔሬተር የሚያስጮኸው እሱም አይደል?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለዚህ ነገር መልስ አለው፤ ቦሎ። ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ከተሳፋሪው በዕድሜ እየበለጠ ሲሠራ አይተናል። በየዓመቱ ምርመራ ይገባል፤ ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል፣ ካለፈ ቦሎው መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። በእጅ አዙር የሚገኝ ቦሎም እንደነበረ እናውቃለን፣ ተዉት። ሐሳቡ ግን ጤነኛ ነው፤ መኪናው ዛሬ እንዴት ነው? ነው ጥያቄው። የካምፕ ግቢ ሠራተኛም አውቶቡሱ በር ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ቢያየው ይበቃል። ከሥሩ ዘይት ይንጠባጠባል? ጎማው ተሰነጣጥቋል? የፍሳሽ ቱቦው በደንብ ይገጥማል? የጋዝ ሲሊንደሩ የት ነው የታሰረው? እሳት ማጥፊያና የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ? ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።

«ሌላ ቦታ ይሂዱ፣ ምን ችግር አለ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለሽርሽር የወጣ ሰው ይሄዳል፤ የባሰ ቢመጣ ሆቴል ይገባል። ግን ብዙ አሮጌ አውቶቡስ ለሽርሽር አይደለም የሚነዳው። የቤት ኪራይ ደመወዙን የበላበት ወጣት አለ፣ ጡረታዋ ለአንድ ክፍል ያልበቃላት ሴት አለች፣ ሥራ ባለበት ወቅት እየተከተለ የሚሠራ አለ። አሜሪካ ይህን ሕይወት በፊልም ስታየው ወዳዋለች፤ በቫኗ ውስጥ የምትኖር ሴት ታሪክ የሆነው «ኖማድላንድ» በ2021 የምርጥ ፊልም ኦስካር ወስዷል። ፊልሙን አይተው ያለቀሱ የግቢ ባለቤቶች አይጠፉም፣ ያቺው ሴት በእውን ብትደውልላቸው ግን መጀመሪያ ሞዴሏን ነው የሚጠይቋት።

ከዚህ ጋር ሌላውን በር ጨምሩበት። በጁን 28 ቀን 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦሪገን ውስጥ ባለችው በግራንትስ ፓስ ከተማ ጉዳይ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ወሰነ፤ ከተሞች በአደባባይ ቦታ ውጭ የሚያድሩ ሰዎችን፣ ሌላ መጠጊያ ባይኖራቸውም እንኳ፣ መቅጣት ይችላሉ። ብዙ ከተሞች በመኪና ውስጥ ማደርን የሚከለክል ደንብ አላቸው። እንግዲህ ገንዘቡን ይዞ፣ ለመክፈል ዝግጁ ሆኖ የመጣውን ሰው የግል ግቢው «አርጅተሃል» ብሎ ከመለሰው፣ መንገድ ዳር ሲያቆም ደግሞ ፖሊስ መስኮቱን ካንኳኳ፣ ያቺን ሌሊት የት እንዲያሳልፋት ነው የታሰበው? የሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ? እሱም ሥራ አስኪያጁ ከፈቀደ ነው። ባለ ግቢው «የእኔ ችግር አይደለም» ሊል ይችላል፤ ያስገባው የነበረውን ኪራይ ግን ራሱ ነው የመለሰው፣ ያውም ባዶ ቦታ እያለው።

የሚገርመው፣ መንግሥት በዚህ ነገር ከነጋዴው ይሻላል። በብሔራዊ ፓርኮችና በፌዴራል ደኖች የካምፕ ቦታዎች የሚጠየቀው ርዝመት እንጂ ዕድሜ አይደለም። (ርዝመቱ እውነተኛ ችግር ነው፤ 40 ጫማ አውቶቡስ ለአጭር መኪና በተሠራ ጠመዝማዛ መንገድ ገብቶ ሲቀረቀር ያየ ያውቃል።) የፌዴራል የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሚያስተዳድራቸው ሰፋፊ መሬቶች ላይ ደግሞ በብዙ ቦታ 14 ቀን በነፃ ማደር ይቻላል። አሪዞና በረሃ ኳርትዝሳይት አጠገብ ያለው ላ ፖሳ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ፈቃድ እየከፈሉ ክረምቱን የሚያሳልፉበት ነው። እዚያ የ1978ቱም፣ የዘንድሮውም ጎን ለጎን ይቆማል። በአብዛኛው ክፍሉ የሚጠየቀው፣ የራሳችሁ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ አላችሁ ወይ? የሚል ነው። ጥላ ግን የለም፤ ውሃና የፍሳሽ መድፊያም ባላችሁበት አይመጣላችሁም፣ ነድታችሁ ትሄዳላችሁ።