የማለዳውን ነጭ ጭስ በብርድ አናሳብብ

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የአዲስ አበባ ሚኒባሶች ሲነሱ የሚለቁት ነጭ ጭስ የብርድ ጣጣ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሞተሩ ሲሞቅ ስለሚጠፋም የሚጠይቅ የለም። ብርዱ ድርሻ አለው፤ ጭሱን ደቂቃዎች የሚያቆየው ግን የጥገና ጉድለት ነው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በብልጭታ አይነሳም። አየሩ በፒስተን ተጨምቆ ሲግል፣ ኖዝሉ በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ለዚህም ናፍጣው እንደ ጉም መድቀቅ፣ አየሩም በደንብ መጋል አለበት። ብርድ ሁለቱንም ያውካል። የቀዘቀዘ ናፍጣ ስለሚወፍር ጠብታዎቹ ይተልቃሉ፤ የተለቀ ጠብታ ደግሞ ቶሎ አይተንም። ቀዝቃዛው የሲሊንደር ብረትም የአየሩን ሙቀት ይሻማል። ከፍታው ሲታከልበት ነገሩ ይብሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ የተረጨ ናፍጣ የሚገታው ስለማያገኝ ርቆ ሄዶ ፒስተኑና የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚህ ከፊሉ ሳይነድ ተኖ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ከፊሉ የዘይቱን ሽፋን አጥቦ ወደ ዘይት ቋቱ ይወርዳል። ባለንብረቱ ነዳጅም ሞተርም የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ አነስተኛ የናፍጣ ሞተሮች ማሞቂያ ካንዴላ የተገጠመላቸው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቢጫ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ብቻ በቂ ነበር። ካንዴላው ሲቃጠል ግን መኪናው ተገፍቶም፣ በቁልቁለት ተንደርድሮም ስለሚነሳ አይቀየርም። የሚያንጠባጥብ ኖዝል ሲጨመርበት ምንም ያህል የጋለ አየር አይበቃም።

ሾፌሮች ሞተሩን ቆመው ረዘም ላለ ጊዜ ማሞቅ መፍትሔ ነው ይላሉ። ንፋስ ፍሬን ያለው ከባድ መኪና ንፋሱ እስኪሞላ መቆሙ ግድ ነው፤ ዘይቱም እስኪዳረስ ትንሽ መታገሥ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ግን ሥራ ፈቶ የሚዞር ሞተር ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፤ በለሆሳስ ቢነዳ ቶሎ ይሞቃል። ነዳጅ እየረገጡ ማስጮህ ደግሞ ባልጋለው ሲሊንደር ላይ ተጨማሪ ናፍጣ ማፍሰስ ነው። የመለዋወጫ ዋጋ ከብዷል የሚለው አቤቱታ እውነት ነው፤ ይሁንና ከካንዴላ ይልቅ ሞተር ማስወረድ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል።

ይህ የባለንብረቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን አረጋግጧል። ማለዳ ጭሱን የሚተነፍሱት ረዳቶች፣ ወረፋ የያዙ ሠራተኞችና ተማሪዎች ናቸው። የጭስ መለኪያ የሚሠራው በሞቀ ሞተር ላይ በመሆኑ የማለዳውን ጉድለት አያሳይም። የካንዴላ ደህንነት ግን በተራ የኤሌክትሪክ መለኪያ በደቂቃዎች ይታወቃል። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ይህን ፍተሻ ይጨምር፤ የታክሲ ማኅበራትም የአባሎቻቸውን ካንዴላና ኖዝል ብርዱ ሳይገባ፣ በመስከረም ያስፈትሹ።